ወደ ምጽዋ የሚወርድ ቆዳ

የወደብ አጥኚው ንፋስ መውጫ የገባው በበቅሎ ነው፤ ተቀምጦባት ሳይሆን ከኋላዋ እየሄደ። ከደብረ ታቦር ሲነሳ ተቀምጦባት ነበር አሉ። መንገድ ላይ ምን እንደተፈጠረ አላውቅም፣ ብቻ ሁለቱም ተኳርፈው ነበር የደረሱት።

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ወደ ማብቂያው ገደማ ነው። አጥኚው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ሥራው አገሪቱ በሚመጡት ዓመታት በምጽዋና በአሰብ ወደቦች በኩል ምን ያህል ዕቃ እንደምትልክና እንደምታስገባ አስቀድሞ መገመት ነው። ግምት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስገምት ኖሬ፣ በተሳሳትኩ ቁጥር ከፈልኩ እንጂ ተከፍሎኝ አያውቅም።

አውራጃ ጽሕፈት ቤት ገብቶ "ከዚህ አገር ወደ ባሕር የሚወርድ ነገር የሚነግድ ማን ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ወደ እኔ ላኩት። ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ። በየሳምንቱ አርብ ገበያ ወርጄ ከታች ጋይንትና ከስማዳ ገበሬ የበሬና የላም ቆዳ፣ የበግ ሌጦ እገዛለሁ፤ ንፋስ መውጫ አምጥቼ ጨው እነሰንስበታለሁ፣ አደርቀዋለሁ፤ በአህያ ጭኜ ደብረ ታቦር አደርሰዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መኪና ይወስደዋል፦ ጎንደር፣ አስመራ፣ ምጽዋ። እኔ ከደብረ ታቦር ወዲያ አልፌ አላውቅም። ቆዳው ከእኔ ይልቅ አገር አይቷል።

ቆዳ ነጋዴ በእኛ ዘንድ ብዙም አይከበርም። ገበያ ውስጥ ቦታዬ ዳር ላይ፣ ከነፋሱ በታች ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ያልፋሉ። ደፋሩ "ፋቂው መጣ!" ይላል። የሰደበኝ ሰው ቆዳ ይዞ ሲመጣ ከሌላው ለይቼ አላየሁትም፤ ዋጋው ላይ ትንሽ ነው የቀነስኩበት።

ሆቴል የሚባል ነገር ስላልነበረ አጥኚው እኔ ቤት አደረ። በመጀመሪያው ቀን ከቆዳው ሽታ የተነሣ እህል አልቀመሰም። ሲለምደው ደግሞ ከእኔ እኩል ይጎርስ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ግቢዬ ውስጥ በችካል ተወጥረው ከሚደርቁት ቆዳዎች አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥንና ሥራውን ነገረኝ።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዕቃ በጆንያና በጥቅል አይጫንም" አለኝ። "ኮንቴይነር የሚባል መጥቷል። ቤት የሚያህል የብረት ሣጥን ነው። ዕቃው ይሞላበታል፣ ይቆለፋል፣ በክሬን ተነሥቶ መርከብ ላይ ይወጣል፣ ማዶ አገር ደርሶ ይከፈታል።"

"ከዚህ ማን ይሸከመዋል?"

"መኪና ነዋ።"

"መኪናውንስ?"

ሳቀ። በበቅሎዋ መንገድ መጥቶ የለ፣ ገብቶታል። "መንገዱም ይደርሳል፣ ቀስ ይላል" አለ። "ግን ስንት ሣጥን እንደሚያስፈልገን ካላወቅን ክሬኑን አንገዛም፣ የወደቡን መሬትም አናስነጥፍም። ግምቱ ደግሞ ከምንጩ ነው የሚጀምረው።"

"ምንጩ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ምንጭ ተብዬ አላውቅም ነበር።

አጠያየቁ ጥሩ ነበር። "ባለፈው ዓመት ስንት ቆዳ ላኩ?" ቢለኝ ኖሮ እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው አሳንሼ እነግረው ነበር፤ ለመንግሥት ሰው ሙሉውን የሚናገር ማን አለ? እሱ ግን የጠየቀኝ ስለ አህያ ነው። "ለጥምቀት ገበያ ስንት አህያ ተከራዩ? ለፋሲካስ? አምናስ? ካቻምናስ?" ስለ አህያ ለመዋሸት አልተዘጋጀሁም ነበር፣ እውነቱን ነገርኩት። እሱም ባለ አራት መዓዘን መስመር ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል። ነጥቦቹን ሲያያይዛቸው መስመሩ እንደ ጉና ዳገት ወደ ላይ ወጣ።

"ይኸው" አልኩት፣ "እየበለጸግን ነው። ሣጥኑን በርከት አድርገው ያዘጋጁ።"

አልሳቀም። ወደ ቆዳዎቹ ዞሮ አየና "ቅቤም ይነግዳሉ አይደል?" አለኝ።

"እነግዳለሁ። ቅቤ ግን ወደ ምጽዋ አይወርድም። ምን ያደርግልዎታል?"

"ዝም ብለው ይንገሩኝ።"

ነገርኩት። ለቅቤውም ነጥብ አደረገ። ይኼኛው መስመር ቁልቁል ሄደ።

"ቆዳው ሲጨምር ቅቤው ለምን ቀነሰ?"

"ጾም ነው እኮ።"

"አምናም ጾም ነበር፣ ጋሼ።"

 እሱ በእርሳሱ ጫፍ መጀመሪያ አንዱን መስመር፣ ቀጥሎ ሌላውን ነካ። "ላሟ በሕይወት ካለች ቅቤ ትሰጣለች" አለ። "ቆዳዋን የምትሰጠው አንዴ ነው።" ከዚያ የቆዳውን መስመር ትንሽ ወደ ላይ አስኬደውና ከጫፉ ጀምሮ ነጠብጣብ እያደረገ ቁልቁል አወረደው።

አዲስ ነገር አልነገረኝም። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ እንደወጣ አውቃለሁ። በስማዳ በኩል ሣር እንዳለቀም አውቃለሁ። የታረደ ከብት ቆዳ ደሙ ስለወጣ ከሥጋው በኩል ነጣ ይላል፤ ሳይታረድ የሞተ ከብት ቆዳ ግን ደሙን ይዞ ይጠቁራል፣ የበክት ቆዳ እንለዋለን፣ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው። ያን ሰሞን የጠቆረው በዝቶ ነበር። ይህንንም አውቃለሁ፣ በደረጃው ነው የገዛሁት። ሁሉንም አውቀው ነበር፣ ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጬው አላውቅም። ሲቀመጥ ሳየው የደነገጥኩ አይመስለኝም። እጄ ላይ ጨው ነበረ፣ አራገፍኩት። ስለ እህቴ በሬ አሰብኩ።

ታላቅ እህቴ ስማዳ ነበር የተዳረችው። ባሏ ያለው በሬ አንድ ነው፣ ዳልቻ በሬ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው ተራ በተራ ያርሳሉ። የእህቴ ባል መቀናጆ የደብሩ ቄስ ነበሩ፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ ቀይ ቦቃ በሬ የነበራቸው። የባልና ሚስቱም ነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። በሬው ካለ ቤቱ አለ። በሬው ከሄደ መሬቱን የሚያርሰው የለም፣ እህቴ ከቀዬዋ ትነቀላለች። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለበትም።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። እስቴ ውስጥ ሣር ያልጠፋበት ቦታ አለ፤ በሬ የሚገዛ ደንበኛም አለኝ። ሁለቱም በሬዎች በእግራቸው መሄድ በሚችሉበት ጊዜ ተነድተው ይሸጡ፤ በገንዘቡ እህል ተበልቶ ክረምት ይጠበቅ፤ ዝናቡ ሲገባ ሌላ በሬ ይፈለግ። አጥኚው የእስቴን ቅባት እህል ሊያይ ወደዚያ ሲሄድ እኔ ወደ ስማዳ ወረድኩ።

እህቴ ቤት ስደርስ ባሏ ጣራ ላይ ነበር። የቤቱን ክዳን አሮጌ ሣር እየነቀለ ወደ ታች ይጥላል፣ እህቴ ጥላሸቱን እያራገፈች ለዳልቻው ታቀርባለች። በሬው ያሸተዋል፣ አይበላውም፣ ደግሞ ይበላዋል። ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

"አንተ ነጋዴ" አለኝ የእህቴ ባል ከላይ ሆኖ፣ "ቆዳውን በዓይንህ እየለካህ ነው?"

"እግሩን ነው የማየው። እስቴ ድረስ መሄድ መቻሉን።"

"እኔ በሬ እንጂ የሚሸጥ ቆዳ የለኝም።"

"በሬ እያለ ነው ሽጠው የምልህ።"

"ወንድሜ ለእኛው ብሎ ነው የመጣው" አለች እህቴ።

"ለእኛ ብሎማ ነው! ጅቡም በየማታው የሚመጣው ለእኛ ብሎ ነው።"

ወርዶ ተቀመጠ። ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። የአጥኚውን መስመር ሳይቀር መሬት ላይ በጭራሮ ሣልኩለት። በደንብ አየው። ሞኝ ሰው አልነበረም።

"ልክ ነው" አለኝ በመጨረሻ። "ግን ዳልቻውን ብሸጥ የአባ ቦቃ ምን ይሁን? ለብቻው ይረስ? ነፍስ አባቴ ናቸው፣ ቀንበሩን ጥዬባቸው ልሂድ?"

"እሳቸውም አብረው ይሽጡ።"

"እንዴት ብዬ ነው ቄስ 'በሬዎን ይሽጡ' የምል?"

"እኔ እላቸዋለሁ።"

ቄሱን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አገኘኋቸው። መስቀል አሳለሙኝ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፣ ሰሙኝ። የሳቸውም ቦቃ ጎኑ እንደ ቅርጫት ሆኖ አጥሩ ጥግ ቆሟል።

"ልጄ፣ እኔ አልከለክለውም" አሉኝ። "ከፈለገ ይሽጥ።"

"እርስዎስ አባ? ቦቃውን?"

"እሱ ሳይሸጥ እኔ እንዴት ቀድሜ? 'ቄሱ የንስሐ ልጃቸውን በሬ ነጥለውበት ሄዱ' ይበለኝ አገሩ?"

"እንግዲያው በአንድ ቀን ሽጡ። ማንም ማንን አልቀደመም።"

"እሱ መጥቶ ከነገረኝ ምን ገዶኝ። ብቻ በእኔ በኩል ጫና እንዳይመስለው።"

ይህን ይዤ ተመለስኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ እንዲያውም እርምጃዬን አፍጥኛለሁ።

"ምን አሉ?" አለኝ የእህቴ ባል።

"አልከለክለውም አሉ።"

ፊቱ ጠቆረ። "አየህ፣ ተቀይመዋል።"

"እንዴት ይቀየማሉ? አልከለክልም ነው ያሉት!"

"ደስ ቢላቸውማ 'ሽጥ' ይሉ ነበር። አባን አንተ አታውቃቸውም።"

እህቴ ከጓዳ "በእናንተ ቤት ሰው ሲፈቅድ እንዴት ነው የሚፈቅደው?" አለች።

ተመላለስኩ። ቄሱ እሱን ይጠብቃሉ፣ እሱ ቄሱን ይጠብቃል፣ እኔ በመካከል እግሬን እጨርሳለሁ። በገበያ ላይ ሻጭና ገዥ ሲደባበቁ አውቃለሁ፤ አንዱ ዋጋ ለማስጨመር ሌላው ለማስቀነስ ነው፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። እነዚህ ግን ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ፣ ሁለቱም ለሌላው ሲሉ አይፈልጉትም። እንዲህ ያለውን የማስማማበት ዘዴ ንግድ አላስተማረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ወይራ ዛፍ ሥር ነው፣ ሦስታችን ብቻ።

"አባ፣ እርስዎ እንዳሉ ነው" አለ የእህቴ ባል።

"ኧረ አንተ እንዳልክ" አሉ ቄሱ።

"ባለ በሬዎቹ እናንተ ናችሁ፣ አንዳችሁ አንድ ነገር በሉ" አልኩ።

"ቦቃው እኮ ጥሩ በሬ ነው" አለ የእህቴ ባል።

"ከዳልቻው አይበልጥም" አሉ ቄሱ።

ከዚያ ስለ ዝናብ ተነጋገሩ። በምሥራቅ በኩል ደመና ታይቷል ተባለ። ቄሱ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ተነሡ፣ እሱም ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ተለያዩ። በሬዎቹ አልተነሡም። ደመናውን እኔም አየሁት፤ የምድጃ ጢስ ያህል ነበር።

በማግስቱ ስመለስ እህቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ወንዝ ስል ድንጋዩን ነው።

"እትዬ፣ እኔ ቤት ነይ" አልኳት። "ክረምቱ እስኪገባ።"

"በሬው ቆሞ ሳለ? ሰው ምን ይላል?"

ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን ሄድን።

"አርብ አርብ እዚያው ገበያ ነህ አይደል?" አለችኝ።

"እዚያው ነኝ።"

"እንግዲያው ባሌ ሌላ ነጋዴ ጋር እንዳይሄድ እነግረዋለሁ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፣ እንደገባኝም ገብቷታል። ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች። እኔም ዳገቱን ያዝኩ። ያን ቀን ምን እንዳሰብኩ ብጠየቅ ጫማዬ እንደሚቆረቁረኝ ነው የማስታውሰው።

አጥኚው ከእስቴ ተመልሶ ዕቃውን እየሸከፈ አገኘሁት። ከበቅሎዋ ጋር ታርቀዋል፣ ገብስ በእጁ ያበላታል።

"እህትዎ ዘንድ እንዴት ሆነ?"

"እርስዎ የሣሉት መስመር ላይ ናቸው" አልኩት። "ገና ከጫፉ አልደረሱም።"

ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። "እኔ እንዳየሁት አድርጌ አቀርበዋለሁ" አለ። "አለቆቼ ግን ነጠብጣቡን ያቃኑታል። ቁልቁል ለሚሄድ መስመር ማንም ክሬን አይገዛም።"

"ታዲያ ሣጥኑን ምን ይሞላዋል?"

"ሰሊጥ። ከሁመራ በኩል በየዓመቱ ይጨምራል። እዚያ የጎደለው የሚያርምና የሚያጭድ ሰው ብቻ ነው።"

"ሰውማ ከዚህ ይመጣል" አልኩት። በቀልድ ነው ያልኩት። እሱም ፈገግ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ተወው።

ተቀምጦባት ሄደ።

ጾሙ ተፈትቶ ጥቂት እንደቆየ፣ አንድ አርብ ቦታዬ ላይ፣ ከነፋሱ በታች ተቀምጫለሁ። የጠቆረው ቆዳ ክምር ከነጣው በልጧል። የእህቴ ባል በሰው መሐል ሲመጣ አየሁት። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ቆዳ አለ፣ ትልቅ ጥቅል ነው፣ አንገቱን አስጎንብሶታል። ከኋላው እህቴ ትንሽ ጓዝ በጀርባዋ አዝላ ትከተለዋለች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አላደረገችም።

ጥቅሉን እግሬ ሥር አወረደው። ሁለት ነበሩ። ዳልቻውና ቀይ ቦቃው።

"ቦቃው ቀደመ" አለኝ። "ዳልቻው ብዙም አልቆየ። ብቻውን መቆም እምቢ አለ።"

"ቄሱስ?"

"ደኅና ናቸው። የቦቃውንም ቆዳ ይዤላቸው ልመጣ ነው ብዬ ብነግራቸው፣ 'ሽጥ' አሉኝ።"

ዘርግቼ አየኋቸው፣ ልማድ ነው። ከሥጋው በኩል ሁለቱም ጠቁረዋል። ጫንቃቸው ላይ ቀንበር የላጠው ጠባሳ አለ፤ የዳልቻው ወደ ቀኝ፣ የቦቃው ወደ ግራ ያዘነበለ። ጎን ለጎን ሲዘረጉ ጠባሳው አንድ መስመር ይሆናል። ለነጋዴ ጠባሳ ደረጃ ያስቀንሳል። ዋጋ አልጠየቀኝም፣ እኔም ደረጃውን ሳልቆጥር ለሁለቱም ቤት የሚሆነውን ሰጠሁት። የቄሱን ድርሻ ለይቶ በነጠላው ጫፍ ቋጠረው።

"አንተስ?" አልኩት።

"ሁመራ እወርዳለሁ። ሰሊጥ የሚያርም ሰው ይፈልጋሉ አሉ።"

ሰምቻለሁ አላልኩትም። የቄሱን ገንዘብ ሊያደርስ መጀመሪያ ወደ ስማዳ ተመለሰ። እህቴ እኔ ጋር ቀረች። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ግቢዬን አየችና መጥረጊያ ጠየቀችኝ። እስክትሞት ድረስ እዚያው ቤት ኖረች። ስለ ዳልቻው አንስታብኝ አታውቅም፤ አዲስ ቆዳ ሲገባ ግን ሁልጊዜ ጫንቃውን ገልጣ ታይ ነበር።

እነዚያን ሁለት ቆዳዎች ከሌላው ጋር አልቀላቀልኳቸውም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጨው ነሰነስኩባቸው፣ አደረቅኳቸው፣ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጌ አጠፍኩና በጠፍር አሰርኳቸው። በአህያ ደብረ ታቦር ደረሱ። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ቆጣሪው እግሩን አንፈራጥጦ እየቆጠረ ያስጭናል። ጥቅሉ ጋ ሲደርስ በእግሩ ነካው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሁለት ቆዳ ነው።"

"ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። ፍታው።"

"አብረው ቢሄዱ ምን ይላል?"

"ምጽዋ ላይ አንድ ተብሎ ቢመዘገብ ማን ይጠየቃል? ፍታው፣ ሰውዬ፣ መኪናው ሊነሣ ነው።"

እውነቱን ነው፣ ቆጠራ እንደዚያ ነው። ጎንበስ ብዬ ጠፍሩን ፈታሁት። አንዱን አንሥቶ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ወረወረው።